ጅቡ ይዟታል

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ፓርክ ከሚገኙት ሱቆች በአንዱ ጅብ የተጠለፈበት የጨርቅ ቦርሳ አየሁና፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እጄን ዘርግቼ ልነካው ስል መልሼ ሰበሰብኩት። ሻጯ ልጅ «ማዘር፣ አይዞዎት፣ አይነክስም!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ለይሉኝታ ያህል ሳቅሁ።

እናቴ ጥልፍ ሠሪ ነበረች። ከየካው ቤታችን ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ሴቶች ተሰብስበው ቦርሳና የትራስ ልብስ ሲጠልፉ ከሚውሉበት ቤት ትሠራለች። ስትመለስ ቀሚሷ ላይ የቀረውን የክር ቁራጭ እየለቀምኩ የዕለቱን እንስሳ በቀለሙ እገምታለሁ፤ ቢጫ ከሆነ አንበሳ፣ ነጭ ከሆነ ርግብ። አባቴን አላውቀውም፤ በዚህ ዓለም ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷም ጀንበር ሳትጠልቅ ትገባለች።

አንድ ቀን ግን ሳትገባ ቀረች። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ይሸታል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ከጫካው በኩል ጅብ መጮህ ጀምሯል። በራችን ላይ ቆሜ ዳገት ዳገቱን ሳይ፣ ከእናቴ ጋር የሚሠሩት እትዬ መንበረ ነጠላቸውን ተከናንበው እየተጣደፉ መጡና፣ ቆም እንኳ ሳይሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ግቢ! እናትሽን ጅቡ ይዟታል!» ብለውኝ ቁልቁል ወረዱ።

እንዲህ ያለ መርዶ አርድተው እንዴት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ እትዬ መንበረን ጠላኋቸው። አልጋ ሥር ከገባሁ በኋላ ግን ጅቡ ገና ይዟት እንጂ በልቷት እንዳልሆነ ትዝ አለኝ፤ የወጥ ማማሰያውን አንስቼ፣ እያለቀስኩ፣ ዳገቱን ተያያዝኩት።

እናቴን መንገድ ላይ አገኘኋት። «ውይ ልጄን! ምን ሆነሽ ነው? በማማሰያ ማንን ልትመቺ ነው?» አለችኝ። ተንበርክኬ እግሮቿን ዳበስኩ፣ ሁለቱም አሉ።

ለካ እዚያ ጥልፍ ቤት ሥራው የሚጠራው በእንስሳው ስም ኖሯል። አንዷን ርግቧ ትይዛታለች፣ ሌላዋን አንበሳው፤ ያን ቀን ደግሞ ለነገ የታዘዘ የጅብ ቦርሳ አላልቅ ብሏት ነበር። ነገሩ ሲገባት ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሳቁ ሳያልቅ አቀፈችኝና አለቀሰች።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት። ሰፈራችን ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ መብራቱም እንደ ቀን ነው። ሲመሽ ምንም አያስፈራኝም፤ ምነው ቆየች ብዬ በር ላይ የምቆምላት የለችኝም።