ለአራት ሰው የተባለው ጌም

ሳቢሪን ባሌ ሮቤ ከተማ መናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት ስትከፍት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ገሰራ የምትባል ከተማ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ዓይኗ ሲደክምባት የስፌት መኪናዋን ሸጠችና አንድ ቴሌቪዥንና አንድ አሮጌ የኳስ ጌም ማሽን ገዛች። እኔ ያኔ ፊት ለፊቷ ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ከሥራ ስመለስ አንገቴን በበሩ አስገብቼ «ስንት ለስንት?» ማለት ልማዴ ሆኖ ነበር። ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል። የዚያ ክፍል ጩኸት ግን አሁንም አንዳንዴ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ደንበኞቿ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከአጋርፋ ኮሌጅ የሚመጡ ሠልጣኞች ነበሩ። ማሽኑ የሚያጫውተው ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ይበዛል፤ የሰለቸውም ይሄዳል። ሳቢሪን የማንንም ተራ በአንዲት ደቂቃ አሳጥራ አታውቅም። ሰው የሚወዳትም በዚህ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዘይነዲን የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ከተማውን አዞረ። «አራት ሰው በአንድ ጊዜ! አራት ጆይስቲክ! ወረፋ ቀረ!» ሳቢሪን ይህን ሰምታ አላመነታችም፤ ማሽኑን ገዛች። ለደንበኞቿም «ከነገ ጀምሮ አራት አራት ሆናችሁ ትጫወታላችሁ» ብላ አወጀች።

በማግስቱ አራት ሾፌሮች ተደርድረው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ሳላሀዲን የተባለው «ሳቢ፣ የኔ ሰውዬ አይታዘዝም» አለ።

«ጣትህ ነው የማይታዘዘው» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እስከ ቀትር ድረስ ጆይስቲኮቹን እያቀያየረች ስትሞክር ነገሩ ገባት። ሦስተኛውና አራተኛው መሰኪያ ለመልክ የተበሱ ቀዳዳዎች ናቸው። ተጫዋቾቹን የሚያስሮጣቸው ራሱ ማሽኑ ነው።

«በራሱ የሚሮጥ ሰውዬ እያሳየሽ የኛን ተራ ትበያለሽ? አታላይ!» አለና ሳላሀዲን ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወጣ። በሳምንቱ መናኸሪያው ሁሉ ቤቷን «ውሸት ቤት» ይለው ጀመር። ወንበሮቿ ባዶ ሆኑ።

ዘይነዲን ዘንድ ሄደች። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር። «ማሽኑ ደህና ነው፤ ሴት ማሽን አይገባትም። ወደ ስፌትሽ ተመለሺ» አላት፤ በሰው ሁሉ ፊት።

ለመክሰስ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ አብረን ሄድን። ሰውዬው ብዕሩን እንደያዘ «ምን ብዬ ልጻፍልሽ? የማይታዘዝ ኳስ ተጫዋች ሸጠልኝ ልበል?» አላት። እንደምንም በኦሮምኛ ጻፈው። ቀጠሮው ግን ከክረምት በኋላ ሆነ። እስከዚያ «ውሸት ቤት» የሚለው ስም ከቆየ ቤቱ እንደሚዘጋ ሁለታችንም አውቀነዋል።

ጎረቤቷ አደ ሎሚ ነገሩን ስትሰማ «መዝገቡ ይቆይ። ሲንቄሽ የት አለች?» አለቻት።

ሲንቄ ሴት ስታገባ እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። የተዋረደች ሴት ይዛት ከወጣች ሌሎቹም የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ሽማግሌ መጥቶ ሳይዳኝም አይመለሱም። በማግስቱ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች የዘይነዲን ሱቅ በር ላይ ቆሙ። ዘይነዲን ሻይ ሊጠጣ እንኳ መውጣት አቃተው።

ሀጂ መሀመድአወልና ኦቦ ሙለታ ለሽምግልና መጡ። ሀጂ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ «ስድቡ ግልጽ ነው። ማሽኑን ግን ሳናይ አንፈርድም» አሉ። ማሽኑ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተሰካ። ዘይነዲን ቶሎ ብሎ አንደኛውን ጆይስቲክ ያዘ፤ ሁለተኛውን ለኦቦ ሙለታ፣ ሦስተኛውን ለሀጂ ሰጠ። አራተኛው ለሳቢሪን ቀረ። «ሀጂ፣ ያ ቀይ ለባሽ እርስዎ ነዎት» አላቸው።

ሀጂ ጆይስቲኩን እንደ ልጓም ወደ ደረታቸው እየሳቡ ወዲያና ወዲህ አሉ። ቀይ ለባሹ ሮጠ፣ አታለለ፣ አገባ።

«አየህ፣ ሙለታ! በዚህ ዕድሜዬ!»

«ጉልበትዎ አላለቀም ማለት ነው» አሉ ኦቦ ሙለታ።

ዘይነዲን ወደ ሰዉ ዞሮ «ይኸው! ሀጂ ራሳቸው ያገቡበትን ማሽን አይሠራም ትላለች!» አለ።

ሁሉም ሳቢሪንን አየ። ለአንድ ሽማግሌ በሕዝብ ፊት «ጎሉ የእርስዎ አይደለም» እንዴት ይባላል? ዝም ካለች ደግሞ ስሟ አበቃለት።

በዚህ መሀል የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሀጂ ጆይስቲኩን ወዲያው መሬት ላይ አስቀመጡና እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ዓይናቸው ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። ቀይ ለባሹ ኳስ ቀማ። ሮጠ። አንድ ሰው አለፈ። ሌላ አለፈ። አገባ።

አዛኑ አለቀ።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሀጂ በመጨረሻ። «ይህ ሰውዬ ያለ እኔም ያገባል እንዴ?»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው፤ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ መንገደኛው ሁሉ። ዘይነዲን ብቻ አንገቱን ደፋ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ይካስሽ?» አሏት ሀጂ፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

«ይቅርታ ይበለኝ። ቀጥሎ ከተማውን በዋሸበት ሞንታርቦ እውነቱን ይንገርልኝ። ከዚያ ክሴን አነሳለሁ።»

ሐሙስ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ዘይነዲን ወጣ። የተከራየው ባጃጅ የሳላሀዲን መሆኑን ያየሁት እኛ ሰፈር ሲደርሱ ነው። «ማሽኑ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያጫውተው... ሳቢሪን አላታለለችም...» በራችን ላይ ሲደርስ ድምፁን አለሰለሰ።

«አልሰማንም! ድገመው!» ብላ አደ ሎሚ ጮኸች።

ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ስታስደግመው ራሱም ሳቅ አመለጠው።

ከሰዓት በኋላ ሳላሀዲን ባጃጁን አቁሞ በሩ ላይ ተገተረ። ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ይጫወታሉ፤ አምስት ሰው ይጠብቃል።

«ሳቢ፣ ከጠዋት ጀምሮ አላታለለችም ሲል አርባ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደነቆረ።»

«አንተ አታላይ ያልከኝ አንዴ ነው። ሠላሳ ዘጠኙን መርቄልሃለሁ።»

«ታዲያ ልግባ?»

ወረፋውን በዓይኗ ቆጠረችና «ስድስተኛ ነህ። ግባና ቆመህ እይ» አለችው።

ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።