ጆሊን የምትቀመጥበት ሰዓት

የካቲት አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ጉልበት የሚጨርስ ወር ነው። መንገዱ በረዶ፣ ሰማዩ አመድ፣ ልጅ ሁሉ ቤት ተዘግቶበት የሚነጫነጭበት። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ እናቶች በዚህ ወር ወገባቸው ይቆረጣል። የጆሊን ግን ባሰ።

አራት ልጆቿን እዚያው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው የምታስተምረው። ጠዋት ጸሎት፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ መሃል ላይ የሕፃኑ ዳይፐር፣ ምድጃው ላይ ደግሞ የሚያር ባቄላ። ባሏ ዌንደል የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከዓርብ በፊት አይመጣም። እና ይቺው ሴት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሌሎቹን እናቶች እንድታበረታታ ተመርጣለች! እሷን ማን ያበርታት? ይህን የጠየቀ የለም።

ያስመረጣት የስምንት ዓመቷ ልጇ ኬዛያ ናት። ባለፈው እሁድ ጉባኤው ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግታ አንድ ረጅም መዝሙር ሳትደናቀፍ ስታነብ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ሦስት ዓመት ፊደል ያስቆጠረቻት እናቷ ግን በሆዷ ያለችው ሌላ ነው። "ተመስገን፣ አንዷን ተገላገልኩ።" በዚያ ቤት ማንበብ የቻለ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ጥግ ይይዛል፤ ብቻውን ይሠራል። ትልቋ ጣቢታ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት፤ አሁን አሥራ ሁለት ሞላት። ኬዛያም በቅርቡ የራሷን ጥግ እንደምትይዝ ተነግሯታል።

ሰኞ ዕለት ጎረቤቷ እትዬ ኦፓል ለኬዛያ ሽልማት ይዘው መጡ። አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ በዛሬ ሰው አነጋገር የተተረጎመው። እሳቸው ሰባት ልጅ ቤት አስተምረው ያሳደጉ አሮጊት ናቸው።

"እስቲ ያንን መዝሙር ለኔም አንብቢልኝ፣ የኔ ማር።"

ጆሊን ገጹን ገለጠችላት። ኬዛያ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ንባቡን ለቀቀችው። ጆሊን ሰሃን እየወለወለች በትከሻዋ በኩል አየት አደረገች፤ እጇ ቆመ። ከልጅቷ አፍ የሚወጣው የድሮው ትርጉም ነው፣ ጆሊን ራሷ ምሳ ሲበላ ለትንንሾቹ የምታነብላቸው፣ ቃል በቃል። ጣት ሌላ፣ አፍ ሌላ። ገጹ አለቀ፤ ኬዛያ ሳትገልጥ ቀጠለች።

"ቆይ! ይሄ ቃል ምን ይላል?"

ኬዛያ ቃሉን በጣቷ ሸፈነችው።

"ይሄኛውስ?"

ኬዛያ መጽሐፉን ከደነችው። ጆሊን ክው አለች። ለካ ጉባኤው ፊትም በቃሏ ነው የወጣችው።

"በቃ! ነገ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ናችሁ፣ ሁላችሁም! እትዬ ኦፓል፣ ይዩልኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ! አልቻልኩም፣ ደከመኝ!"

"መጀመሪያ ተቀመጪ።"

"ምን ጊዜ አለኝና! ባቄላው..."

"ይረር! እኔ ስንት ድስት አሳርሬ ነው ሰባት ያሳደግሁት። ሦስተኛው ልጄ በአሥር ዓመቱ ነው ያነበበው። ዛሬ ጠበቃ ሆኖ ዳኛ ያስለፈልፋል፤ እኔንም ጭምር። የመምህሩን መመሪያ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ አንድ መስመር አንቺ፣ አንድ መስመር እሷ። ከሁለት አንዳችሁ ካለቀሳችሁ መጽሐፉ እዚያው ላይ ይዘጋል፣ የቀረው ለነገ። አሁን ግን ልጅቷን ጠይቂያት እንጂ፤ እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል?"

ጆሊን ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። "ለምንድን ነው ያታለልሽኝ፣ ኬዛያ?"

"መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። በኔ ምክንያት መሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን አትማሪም? ሰነፍ አይደለሽም!"

ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ጠመዘዘችው። "ጣቢታ ማንበብ ከቻለች ወዲህ አታነብቢላትም። አንቺ ደግሞ የምትቀመጪው ስታነብቢ ብቻ ነው።"

ጆሊን ውሃ ሆነች። እትዬ ኦፓል ተነሥተው ባቄላውን ሊያወርዱ ሄዱ፤ ያው አርሮ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጆሊን የአውቶቡሱንም ነገር አላነሳችም፣ ያዘጋጀችውን ንግግርም አልተናገረችም። ዓይኗ እንዳበጠ ቆማ የሆነውን ነገረቻቸው፣ ኬዛያ ጉባኤውን ማታለሏን ሳይቀር። ለማበርታት አቅም እንደሌላት፣ ከሰኞ ወዲህ ግን ከምሳ በኋላ ስልኳን ዘግታ፣ ሰሃኑን እንደቆሸሸ ትታ፣ ሁሉንም ሶፋው ላይ ሰብስባ እንደምታነብ፣ ኬዛያም ትናንት አንድ መስመር በትክክል ከገጹ ላይ እንዳነበበች።

አንዲት ወጣት እናት እጇን አወጣች። "ማንበብ የሚችሉትንም? ትልልቆቹ እኮ የራሳቸው ሥራ አላቸው።"

ሰኞ ዕለት ኬዛያ ስትናገር ጣቢታ የሒሳብ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ የጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጆሊን ይህን እስካሁን ለማንም አልነገረችም፣ ለዌንደልም ቢሆን።

"ትልቋ ልጄ ያን ዕለት መጥታ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ" አለች። "'እማዬ፣ እኔስ ማንበብ ብተው፣ እዚህ አጠገብሽ መቀመጥ እችላለሁ?' አለችኝ።"