ይሉኝታና የሆድ ስፌት

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ይላታል፤ መለኪያው ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጣ ቀሚስ ስትሰፋ ሰውነቷ ገዘፈ፣ ጉልበቷም አልሸከምም አላት። በመጨረሻ ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን ለማስቀነስ ተስማማች።

ሐኪሙ ሲያስረዳት አጠገቧ ነበርኩ። «ጨጓራውን በቁመቱ እንቆርጥና ጠርዙን በስቴፕል እንገጥመዋለን» አላት።

«ወይ ጉዴ! እንደ ቢሮ ወረቀት?»

ሳቀ። «ከዚያ የደቀቀ ነው፣ እናቴ። ደግሞ ሦስት ረድፍ ነው።»

«ሦስት ረድፍ ከሆነስ ደህና» አለች፣ የሥራ ባልደረባው ይመስል። ሲጨርስ እንዳያፈስ እንደሚፈትሸው ሲነግራትማ ጭራሽ ወደደችው። «ይሄ ባለሙያ ነው!» እያለች አሰለቸችኝ።

ኦፕራሲዮኑ ተሠርቶላት ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን ፊቷ ጠቆረብኝ። ግራ ትከሻዋን ይዛ ላብ ያጠምቃታል፤ እጇን ብይዘው የልቧ ምት ይጋልባል። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ ብሎን ነበር።

«ተነሺ እንሂድ!»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትሞቺብኝ ነው?»

«ቀስ በይ እንጂ! እንደዚያ ተጠብቦ ሠርቶ፣ ስፌትህ ተተረተረ ልበለው? ለባለሙያ እንዲህ ይባላል?»

እግዜር ያሳያችሁ! ሰው በይሉኝታ ሊሞት! የማትለኝን ብላኝ፣ እኔም የማልላትን ብያት፣ ጎትቼ ታክሲ ውስጥ ከተትኳት።

ሆስፒታል ራጅ ሲያነሷት የስፌቱ ላይኛው ጫፍ ተከፍቶ ሆዷ ውስጥ እያፈሰሰ ነው። ሐኪሙ ሲገባ ድምጿ አልወጣ እያለ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ የእርስዎ እጅ አይደለም፤ የኔ ሆድ ነው ክፉ» አለችው። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እናቴ፣ የቱንም ያህል ብንጠነቀቅ አንዳንዱ ይከፈታል። እኔን የሚያሳጣኝ መከፈቱ አይደለም፤ ደብቀውኝ ቢሞቱ ነው። አሁን ይንገሩኝ፣ የቱ ጋ ነው?»

እጁን ለቀም አድርጋ ያዘችው።

«ትከሻዬን... ሆዴን... ኧረ ሁሉንም! አመመኝ፣ ልጄ፣ አመመኝ» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ሆዷን አጥበው ቱቦ አደረጉላት፤ ከወር በላይ ተኝታ ዳነች። ግማሽ ቀን ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉኝ። አብሬያት አድጌ፣ አብሬያት ሠርቼ፣ «አመመኝ» የሚል ቃል ካፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።