ስለ ሣራችን የጻፍኩት ድርሰት

ሞላሌ ከተማ አሥረኛ ክፍል ስማር፣ አስተማሪያችን የአፍሪካ ልብ ወለዶችን ከእንግሊዝኛ እየተረጎሙ ያነቡልን ነበር። ነጩ ገዢ ሄዶ ወንበሩ ላይ ጥቁር ገዢ ሲቀመጥ፣ ባለመኪናው ድሃው ላይ ጭቃ እየረጨ ሲያልፍ። ሲያነቡ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኛም እንባችን ይመጣል። እውነቴን ነው፣ ከንስሐ አባቴ ይልቅ እሳቸውን አምን ነበር።

አንድ ቀን «ሀብታምና ድሃ እኩል የሚሆኑበትን ነገር ከአገራችሁ ፈልጋችሁ ጻፉ» አሉን። እኔ ስለ ጓሳ ጻፍኩ፤ ቤት ስለምንከድንበት ሣር። ሣሩ የሚበቅልበት የወል ቦታችን ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሽማግሌዎች በበጋ ይከፍቱታል። ያን ቀን ባለ ብዙ በጉም ባልቴቷም እኩል ያጭዳሉ፤ ጉልበት ላነሳት ጎረቤት ያጭድላታል። «ወረቀት የለንም፤ ቃል ግን አለን» ብዬ ጨረስኩ። ክፍሉ ፊት አስነበቡኝ፤ ደብተሩንም ወሰዱት። የኔ የሞኙ ኩራት አይጣል ነው!

በኋላ አስተማሪያችን የወረዳው አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ። የድሃ ወገን ናቸው ብለን ደስ አለን። እኔ ተመርቄ ክረምት ላይ ስመለስ የወል ቦታው በሽቦ ታጥሮ ቆየኝ፤ በግ ለሚያደልብ ባለሀብት ተሰጥቷል። የእናቴ ጎጆ ክዳን በስብሷል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቆርቆሮ የሚገዛላት የለም፤ ሣሩ የሚከፈትበትን በጋ ነበር የምትጠብቀው።

አስተማሪዬ ቢሮ ሄድኩ። ስተርክላችሁ አንቱታውን ከዚህ ወዲያ ትቼዋለሁ፤ አንጀቴ እምቢ አለ።

«እነዚያን መጻሕፍት ያነበቡልን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኩት።

«እሱ ልብ ወለድ ነው፤ ይሄ ልማት ነው» አለ እየሳቀ። «ደግሞስ ወረቀት አላችሁ? እንደሌላችሁ ራስህ አይደለህ የጻፍክልኝ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ለኔው ፈረስ ኮርቻውን የጫንኩለት ራሴ ነኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ክዳኑ በሚያፈስበት ሥር ጣሳና ድስት እየደረደረች ነበር። መሬቱን የሰጠው አስተማሪዬ መሆኑን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የገደለኝ።

«እሳቸው እኮ የከተማ ሰው ናቸው፤ የሣሩን ሥርዓት የነገራቸው አይኖርም» አለች። «እስቲ ተመልሰህ ሂድና በደንብ አስረዳቸው፤ አንተን ይሰሙሃል።»

«ያውቃሉ፣ እማዬ» አልኳት። ማን እንደነገረው ግን አልነገርኳትም።