ቅጂውን የታቀፈው ሰውዬ

መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ሰውዬ በሙቀትም ሹራቡን አያወልቅም። ዓለም በነጻ የሚጠቀምበትን የምስጢር መቆለፊያ ፕሮግራም ለመሥሪያ ቤታችን ገልብጦ፣ ቅጂውን እንደ እንቁላል ታቅፎታል፤ ጫጩት ግን አላየንም። የፕሮግራሙ ዋና ባለቤቶች ባለፈው ሳምንት ሌባ የሚያስገባ አደገኛ ቀዳዳ አግኝተውበት ደፈኑ። የደንበኞቻችን ምስጢር የሚያልፍበት የእኛው ቅጂ እስካሁን እንደተበሳ ነው።

"ጋሼ፣ የእነሱን መድፈኛ ለምን አናስገባውም?" አለችው አለቃችን።

"እኔ የሰው ሥራ አልገለብጥም፤ ራሴ እጽፈዋለሁ" አላት ሹራቡን እየቆለፈ።

ጉራ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ ግን ከስክሪኑ ጀርባ የለጠፋትን ወረቀት አነበብኩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለእነዚያው ባለቤቶች ማሻሻያ ልኮ ኖሯል፤ ወረቀቷ መልሳቸው ናት፦ "እናመሰግናለን፣ አያስፈልገንም።"

ለዚች ኩርፊያ ነው እንግዲህ የሰው ሁሉ ምስጢር ደጅ የሚያድረው።