አገጬ ሥር ያለች እጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አጫጭር ድምፆችን ለልጅ ለማስተማር መጀመሪያ ማራገቢያው መጥፋት አለበት። እሱ እየጮኸ «በ» እና «ብ» አይለዩም። ስለዚህ እኔና የስድስት ዓመት ልጄ ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ላባችን እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ እንቀመጣለን። ሁለት ኩባያና አንድ እፍኝ ማሾ አለን። «በ» ስል ቀዩ ኩባያ ውስጥ፣ «ብ» ስል ነጩ ውስጥ አንድ ፍሬ ትጥላለች። ግራ እጇን አገጬ ሥር ታደርጋለች፤ «ብ» ሲባል አገጭ አይነቃነቅም፣ «በ» ሲባል ትንሽ ዝቅ ይላል፣ «ባ» ሲባል አፍ ወለል ብሎ ይከፈታል። አሥር ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት በዚህ ነው።

የራሴ ልጅ ግን ሁሉንም ነጩ ኩባያ ውስጥ ትጥለዋለች። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ የመምህርት ልጅ ፊደል አልለይ አለች ሲባል ከአሁኑ ይሰማኛል። ለሌላ ሰው ልጆች ያለኝ ትዕግሥት ለእሷ የለኝም።

«ጆሮሽን ምን ደፈነው?» አልኳት አንድ ቀን።

አላለቀሰችም። እኔም አላዘንኩላትም። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጣርማ በር ላይ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። በቀብሩ ቀን እንኳ ያለቀሱት ሌሎች ናቸው።

እትዬ የምላቸው አሮጊቷ አከራያችን በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ወስደው አገጫቸው ሥር አደረጉ። ፊደል አልተማሩም፤ እኔ ስል የሰሙትን ነው የደገሙት። «በ» አሉ። ልጄ ቀዩ ውስጥ ጣለች። «ብ» አሉ። ነጩ ውስጥ ጣለች። እያቀያየሩ ብዙ ጊዜ አሏት፤ አንድም አልሳተች።

«ወላሂ ልጅቷ ምንም አልሆነችም» አሉኝ። «አፍሽን የማትከፍቺው አንቺ ነሽ። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ከኔ ጋር እንኳ በጥርስሽ መሀል ነው የምታወሪ።»

«አንቱ ደግሞ፣ እትዬ!» ብዬ ለመሳቅ ሞከርኩ። አልሳቁልኝም።

እሳቸው ሲወጡ ልጄ እጇን አገጬ ሥር መለሰች።

«እማ፣ አፍ የሚያስከፍተውን በይ።»

«የቱን?»

«አባ በይ።»

ከቀብሩ ወዲህ ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ ተናግሬው አላውቅም። እሷም እኔን እያየች ትታው ነበር። ላብ ያራሰው እጇ እየጠበቀ ነው።

«አባ» አልኩ።

«አልወረደም» አለች።

አፌን ከፍቼ ደገምኩት።

«ወረደ!» አለችና አንድ ፍሬ ማሾ አነሳች። ለዚህኛው ኩባያ አላዘጋጀንም ነበር። ቀዩንም ነጩንም አየት አደረገችና፣ የጨበጥኩትን እጄን ከፍታ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችው።