የሀምዲያ አንድ ዋጋ

ሀምዲያ ሱፍያን የሕፃናት ማቆያ ልትከፍት ነው የተባለ ጊዜ የመርካቶው ሰባተኛ ሰፈር ሳቀባት። ሳቅ ስል ፈገግታ አይደለም፤ ባለሱቆቹ በር ላይ ወጥተው እየተጠራሩ ነው የሳቁት። "ልጅ ደግሞ ሰው ቤት በወር ይቀመጣል እንዴ?" አለ አንዱ። ሌላው፣ "በጅምላ ነው በችርቻሮ የምትረከቢው?" ብሎ ጠየቃት። እሷም ዝም አላለችም። "አንተን ግን ቢያመጡህም አልረከብ፤ ወተት ትጨርሳለህ" አለችው። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ሀምዲያ እንዲህ ናት። ከወራቤ የመጣችው በልጅነቷ ነው። አጎቷ ሱቅ የሕፃናት ልብስ ስትሸጥ አደገች፤ እዚያው ሙናዊርን አገባች፤ ልጇንም እዚያው ባንኮኒ ሥር አሳደገች። በዚህ የሚደነቅ የመርካቶ ሰው የለም። በየሱቁ ጓዳ፣ በጨርቅ ጥቅልና በባዶ ካርቶን መሃል ሕፃን ተኝቶ ይገኛል። መራመድ ሲጀምር ደግሞ መንገድ ወጥቶ ጋሪ እንዳይገጨው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሻሽ ይታሰርና ጫፉ ከባንኮኒው እግር ጋር ይቋጠራል። ክፋት አይደለም፤ ገበያተኛ የቆመባት እናት ሌላ ምን ታድርግ? ሀምዲያም ልጇን እንዲሁ አስራ ነው ልብስ የሸጠችው። አንድ ቀን ግን ልጅቱ ሻሹ ከተፈታላት በኋላም ከባንኮኒው ሳትርቅ እዚያው ስትዞር አየቻት። ሀምዲያ ያን ቀን መጋረጃ ጀርባ ገብታ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ያመጣው ያ ቁጭት ነው፤ ንግድ ብቻ መስሎ የታያቸው ሁሉ ተሳስተዋል።

ከአማኑኤል ወደ ሰባተኛ ሲመጡ በሚገኝ ቅያስ ውስጥ የሀጂ አብዱልከሪምን አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተከራየች። ሀጂ ጫማ አስመጪ ናቸው፤ የአካባቢው ሽማግሌም ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ዘንድ ነው። ቤቱን ለመጋዘን ፈልገውት ነበር። "እስከ ኅዳር መጨረሻ ልይሽ" አሏት። "በልጅ ከሞላ ያንቺ ነው፤ ካልሞላ ካርቶኔን አስገባበታለሁ።" ሀምዲያ በሱቁ የነበራትን ድርሻ ለባሏ ወንድም ሸጠች። ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈቃድ አወጣች፣ ግድግዳውን አስቀባች፣ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ደረጃው ላይ የብረት በር አስገጠመች። እትዬ ሙሉብርሃን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርትና ሁለት ሞግዚቶችም ቀጠረች። ከእንግዲህ ወዲያ የምትመለስበት ሱቅ የላትም።

በተከፈተበት ቀን ማንም አልመጣም። በማግስቱም እንዲሁ። ያስበተነችው ማስታወቂያ ወረቀት የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አገኘችው። ወጥታ እናቶቹን ስትጠይቅ ዋጋ አልነበረም የከበዳቸው። "አማቴ ምን ትለኛለች? ልጇን ሰው ላይ ጥላ ገበያ ወጣች አትለኝም?" አሏት። ነገሩ ገባት። ወረቀቱን ትታ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። "ሳታንኳኩ ግቡ" አለቻቸው። "ገበያ ሲቀዘቅዝ ብቅ በሉና አጥቡ፣ እዩ፣ ተመለሱ። አማታችሁንም አምጧት፤ ወንበር አለኝ።"

አማቶቹ መጡ። ሽንት ቤቱን አዩ፤ የወተቱን ድስት ከፍተው አሸተቱ፤ እትዬ ሙሉብርሃንን አገራቸው ወዴት፣ ልጆቻቸው ስንት እንደሆኑ መረመሯቸው። አንዷ እንዲያውም ቤቱን ወደደችውና ከሰዓት በኋላውን እዚያ መዋል ጀመረች። ከአማቶቹ ኋላ ልጆቹ ተከተሉ።

ሀምዲያ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ያደገ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ዋጋ ስትጠየቅ ጠራች። የመርካቶ ነጋዴ የሚጠራው ዋጋ የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም፤ የሚቀነሰውን አስቀድሞ ጨምሮበት ነው የሚጠራው። ገዢውም ያውቃል፤ ይከራከራል፤ ሄድኩ ብሎ ይመለሳል፤ ሁለቱም ሲማማሉ ቆይተው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሀምዲያ ዕድሜዋን የሠራችበት ነውና ሳታስበው ለልጅም እንዲሁ አደረገች። በወር ስድስት ሺህ ብር ጠራች። የመጋረጃ ጨርቅ ጅምላ ሻጯ ሀፍሷ መከራከር ክብሯን የሚነካ መስሏት የተጠራውን ከፈለች። ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ተክላ የፀጉር ጌጥና ማበጠሪያ የምትሸጠው ዱንያ ግን በክርክር የሚችላት የለም፤ ግማሽ ቀን ስትመላለስ ውላ ከግማሽ በታች አስወረደችው። የቀሩትም እያንዳንዳቸው እንደ ምላሳቸው ስለት ከፈሉ።

ሸሚዝ ቢሆን ማንም ነገሬ አይለውም። አንድ ዓይነት ሸሚዝ የገዙ ሰዎች ማታ ማታ አንድ በር ላይ አይገናኙም። እናቶች ግን ይገናኛሉ። አንድ ዓርብ ማታ በር ላይ ተደርድረው ለልጆቻቸው ጫማ ሲያደርጉ፣ "አንቺ በስንት አስገባሽ?" የሚል ጥያቄ ተነሳ።

የሀፍሷ ፊት ተለዋወጠ። "ለእኔ እንደ እንግዳ ሰው ጠራሽብኝ?" አለች። "ምነው፣ የእኔ ልጅ ሁለት ሆድ አለው?"

ሌላዋ እናት ከኋላ፣ "የዱንያማ ልጅ በእኛ ገንዘብ ነዋ ወተት የምትጠጣው" አለች። ዱንያ ይህን ስትሰማ ደም ሥሯ ተገተረ። "የእኔ ልጅ የማንንም ምጽዋት አልጠጣችም!" ብላ ልጇን አዘለችና ወጣች። ሀፍሷ በሌላ በኩል ወጣች። ሰኞ ዕለት ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ "ሀምዲያ በልጅ ትነግዳለች" የሚል ወሬ ተነዛ። ከሁሉም ያቃጠላት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ውሸት ነው ልትል አልቻለችም።

"ይብቃሽ" አላት ሙናዊር። ደግ ባል ነው፤ ጭቅጭቅ ግን አይወድም። "ወንድሜን ለምኜ ድርሻሽን ላስመልስ።"

"እኔ አልለምንም። አንተም በእኔ ስም እንዳትለምን።"

ሀጂ አብዱልከሪምም ሊያግዟት መጡ። ወንበር ተሰጥቷቸው ሻይ ከቀረበላቸው በኋላ በቀስታ ጀመሩ። "ልጄ፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ። ዋጋውን ስድስት ሺህ ላይ አቁሚው። የልጆቼ ሚስቶች አሉ፣ የመደዳው ሱቅ ሴቶች አሉ፤ እኔ እነግርልሻለሁ፤ ቤቱ በሳምንት ይሞላል። የመንገዶቹን ልጆች ግን ተያቸው። ደንበኛ ከደንበኛ ጋር ካልተመሳሰለ ቤት አይቆምም።"

"የመንገዶቹ ማለት?"

"ታውቂያቸዋለሽ።"

አዎ፣ ታውቃቸዋለች። ከመስኮቱ ማዶ ዱንያ ልጇን መልሳ ከጃንጥላዋ እግር ጋር በሻሽ አስራታለች፤ ልጅቱ ሻሹ እስከሚደርስላት ሄዳ ትመለሳለች። ሀምዲያ ያንን እያየች፣ "የእኔም ልጅ ታስራ ነው ያደገችው፣ ሀጂ" አለች። "የእኔዋ ባንኮኒ ላይ፣ ያቺ ጃንጥላ ላይ። ሌላ ልዩነት ካለ ይንገሩኝ።"

ሀጂ አልተቆጡም። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። "እንግዲህ ኅዳር እየሄደ ነው" ብለው ወጡ።

በዚያው ቀን ሀምዲያና እትዬ ሙሉብርሃን ተቀመጡ። ያስቸገረው ሂሳቡ አይደለም፤ ከየት እንደሚጀመር ነው። ሀምዲያ እስከዚያ ድረስ የምታስበው ደንበኛው ስንት ያወጣል ከሚለው ነበር። አሁን አንድ ሞግዚት ሳትሰለች ስንት ልጅ ትይዛለች ከሚለው ተነሡ፤ ወተቱን፣ ኪራዩን፣ ደመወዙን ደመሩ። የወጣው ዋጋ ሀፍሷ ከከፈለችው ያንሳል፤ ዱንያ ከከፈለችው ይበልጣል። "በወር ይሄን ያህል አምጪ ብትያት የመንገድ ነጋዴ ትደነግጣለች" አሉ እትዬ ሙሉብርሃን። ሀምዲያ ሳቀች። "የመርካቶ ሴት የቀን ዕቁብ ስትጥል ነው የኖረችው። በቀን ትከፍላለች፤ ሁሉም በቀን ይከፍላል።"

የብረት በሩ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ አስጻፈች፦ "በቀን መቶ ሃያ ብር። ለሁሉም አንድ ዋጋ። ክርክር የለም።" ጸሐፊው ራሱ ብሩሹን ይዞ ቆመና፣ "እትዬ፣ ለክርክር ትንሽ ብንጨምርበትስ?" አላት። "ያልኩህን ጻፍ" አለችው።

ሰባተኛ ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀ። መርካቶ ውስጥ ክርክር የለም ማለት ዝናብን እርጥብ አትሁን እንደማለት ነው። ሰዎች ለወሬ ሲሉ እየመጡ ይከራከሯት ጀመር። አንድ የጨርቅ ጣቃ ነጋዴ በር ላይ ቆሞ "መቶ አስር በይኝ፣ ለወዳጅነታችን" እያለ ረጅም ጊዜ አደረቃት፤ በኋላ ሲጣራ ሰውየው ጭራሽ ልጅ የለውም። ሀምዲያ አንዲት ብር አልቀነሰችም። ለወዳጅም፣ ለዘመድም፣ ለባሏ እህት እንኳ አልቀነሰችም፤ ባሏ ለሁለት ቀን አኮረፋት። እሷም ተናድዳ ነበርና ኩርፊያውን ከቁም ነገር አልቆጠረችው።

ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ የኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ፣ ቀጥሎ የአንድ ተሸካሚ ሚስት፣ ቀጥሎ ብርቱካን የምትሸጥ። የዕለቱን እየከፈሉ የዕለቱን አዋሉ። የመደዳው ባለሱቅ ሴቶች ግን ሀፍሷን እያዩ ቀሩ፤ ሀፍሷ ካልተመለሰች አይመለሱም። ዱንያም ከማዶ አልተንቀሳቀሰችም። ግማሹ ምንጣፍ ባዶ ነበር።

የኅዳር የመጨረሻ ቀን ሀጂ አብዱልከሪም የመጋዘን ሠራተኛቸውን አስከትለው መጡ። ሠራተኛው ሜትር ዘርግቶ ላይኛውን ክፍል ይለካ ጀመር። ልጆቹ መጫወቻ መስሏቸው ጫፉን ያዙለት። ሀምዲያ በሩ ላይ ክንዷን አጣምራ ቆመች። በዚህ መሃል ሀፍሷ ልጇን እየጎተተች ከች አለች።

"ሠራተኛዬ ትናንት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍራ አገሯ ሄደች" አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። "ልጁን ልመልስልሽ ነው። የተጻፈውን እጥፍ እከፍልሻለሁ። ግን ላይኛው ክፍል ለመደዳው ልጆች ለብቻ ይሁን። እኔ ከገባሁ ሌሎቹም ይገባሉ፤ ታውቂያለሽ።"

ሜትሩ ቆመ። ሀጂም ዞር አሉ። ሀምዲያ እሺ ብትል ቤቱ በዚያው ቀን ይሞላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

"የተጻፈውን ብቻ ነው የምቀበልሽ" አለች። "ልጅሽም ከሁሉም ጋር ነው የሚቀመጠው።"

"እየጨመርኩልሽ እኮ ነው! ቀንሺልኝ አላልኩሽ!"

"ሰምቻለሁ። ክርክር የለም ማለት ወደ ላይም የለም ማለት ነው።"

"አብደሻል? ቤቱን ሊወስዱብሽ እየለኩት!"

"ይውሰዱት!" ሀምዲያ ድምፅዋ ከራሷ ቁጥጥር ወጥቶ መንገዱን ሞላው። "ካርቶን ያስገቡበት! ልጅ በእናቱ ኪስ እየለየሁ ፎቅና ምድር ከማስቀምጥ ጫማ ይቀመጥበት! እኔም ተመልሼ ካልሲ አዞራለሁ!"

ማዶ ዱንያ ከበርጩማዋ ተነሣች። ጎረቤቷን ዕቃውን እንድታይላት በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ሻሹን ፈታች፤ ልጇን አቅፋ መንገዱን ተሻገረች። በሩን አንብባ እንዳላነበበች ሆና ጠየቀች። "ለእኔ ስንት ነው?"

"መቶ ሃያ።"

"ለሷስ?" ብላ ወደ ሀፍሷ ጠቆመች።

"መቶ ሃያ።"

በዚያ ቅያስ ውስጥ ከዱንያ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ነጋዴ የለም። ያን ቀን ግን አፏን አልከፈተችም። ከወገቧ ቦርሳ የተጨማደዱ ብሮች አውጥታ የሀምዲያ መዳፍ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች። "ሙሉ ነው" አለች ወደ ሀፍሷ ዞራ። "ሰማሽ? ሙሉ ነው።" ልጇን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ወደ ጃንጥላዋ ተመለሰች።

ሀፍሷም ነጋዴ ናት፤ ሜትር የሚያሳጥር፣ ሚዛን የሚጫን፣ ጨርቅ የሚለውጥ አይታ የኖረች። ሲጨመርላት እምቢ ያለች ሴት ግን አይታ አታውቅም። "እንግዲህ ይሄን እምቢ ካልሽ" አለች በመጨረሻ፣ "የልጄ ወተት ላይም ውሃ አትጨምሪም።" ሁለት መቶ ብር ሰጠቻት። ሀምዲያ ሰማንያ ብር መለሰችላት። ሀፍሷ ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ አወለቀችና ከዱንያ ልጅ ጫማ አጠገብ አኖረችው።

"ታረቅኩሽ ማለት እንዳይመስልሽ።"

"አትታረቂኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን እንዳትዘገዪብኝ።"

ሀጂ አብዱልከሪም ሠራተኛቸውን ሜትሩን እንዲያጥፍ አዘዙት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሽማግሌም ቢሆኑ ባለቤት ናቸው። "ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ። ቤቱ ያንቺ ነው። ኪራዩ ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ይጨምራል።"

ሀምዲያ ከልቧ ሳቀች። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

"ኪራይ ላይማ ነጋዴ ነኝ፣ ሀጂ" አለቻቸው። "ዋጋዎን ይጥሩ።"